ልጄን ከራሴ ቁጣ ላሽሻት ወይ?

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ ሐረጎን ወጥቼ ቤቴ እገባለሁ። ባለቤቴ ጂዳ ነው። አምስት ዓመት የሆናት ሴት ልጅ አለችኝ።

ችግሬን ንዴት ልበለው? ንዴት ብቻ ግን አይደለም። ትንሽ ነገር ሲነካኝ ውስጤ ሞልቶ ይፈሳል። መጀመሪያ ጆሮዬ ይግላል፣ ደረቴን ይጨንቀኛል፣ ከዚያ ምን እንደምናገር አላውቅም። ጮኼ ሲወጣልኝ ለቅሶ ይከተላል። ከለቅሶው በኋላ ደግሞ እፍረት። በማግስቱ ሥራ የምገባው ሬሳ ሆኜ ነው።

ባለፈው ሳምንት ማታ ልጄ ሻይ ደፋችብኝ። የደፋችው በማግስቱ የማስረክበው ወረቀት ላይ ነበር። ክንዷን ጨምድጄ ይዤ ጮኽኩባት። ስለቃት ጣቶቼ ክንዷ ላይ ወጥተዋል። ሮጣ በሩ ኋላ ተደበቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ስገባ መጀመሪያ የምትለኝ «ኡሚ፣ ዛሬ ተቆጥተሻል?» ነው።

ከልጅነቴም ሆደ ባሻ ነኝ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። እንዲህ የባሰብኝ ግን ከጦርነቱ ወዲህ ነው። በ2014 በጥቅምት ደሴ ስትያዝ ልጄን አዝዬ በእግሬ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ያኔ ገና ዳዴ እንኳ አልጀመረችም። አባቴ «ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም» ብሎ ቀረ። ስኳር ነበረበት። መድኃኒት ጠፍቶ በዚያው አረፈ። ጀናዛው ላይ አልነበርኩም። ስመለስ ቅሬው፣ እድራችን፣ ቀብሮታል፣ ለቅሶው አልፏል። ሁሉም «አብሽሪ፣ የአላህ ውሳኔ ነው» አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ቀረሁ። እስከ ዛሬ ለአባቴ ወጥቶልኝ አላለቀስኩም።

ለባለቤቴ በኢሞ ስነግረው «ነርቭሽን አስተካክይ» ይለኛል። ጎረቤቴ እትዬ ጠበል እንሂድ ይሉኛል። የባለቤቴ እህት ጅን ነው፣ ሩቃ፣ የፈውስ ቁርኣን፣ ይቀራልሽ ትላለች። እናቴ ሐይቅ ናት፤ «ልጅቱን አምጪያትና አንቺ እረፊ» አለችኝ። ከእኔ የሚያድናት ይኸው ነው ብዬ እያሰብኩ ነው። መስከረም ላይ እዚያው ላስመዝግባት? እኔስ እያበድኩ ነው? እውነቱን ንገሩኝ።

ሆዷ የሞላባት፣ ከደሴ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እያበድሽ አይደለም። ስሜቱ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ሰው አለ፣ አእምሮውን የሳተ ሰው አለ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። አንቺ የሚሆነውን ሁሉ እያየሽ ነው። ከጆሮሽ መጋል ጀምሮ እስከ ማግስቱ ድካም ድረስ በተራ በተራ ጽፈሽልኛል።

የክንዷን ነገር ግን ዝም ብዬ አላልፈውም፤ አንቺም እንዳልፈው አልፈለግሽም፣ ስለዚህ ነው የጻፍሽው። የአምስት ዓመት ልጅ ክንድ ላይ ጣት እስኪወጣ መያዝ ያማታል፣ ያስደነግጣታል። የደረሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው? ወይስ ከዚያ በፊትም ነበር? ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺው። ተደጋግሞ ከሆነ፣ ወይም አንድ ቀን እጎዳታለሁ ብለሽ የምትሰጊ ከሆነ፣ መስከረምን አትጠብቂ። በዚያው ምሽት እትዬ ጋ ትደር፣ አንቺም በማግስቱ ሆስፒታል ሂጂ። «እኔ ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ መጥቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ ግን ማግስቱንም አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት ሰው ጥሪ፣ ድንገተኛ ክፍል ይዞሽ ይሂድ። እንዲህ ማለት አያሳፍርም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ የተጻፈ አንድ ነገር አለ። አገናኝተሽው እንደሆነ አላውቅም። በ2014 ልጅሽን አዝለሽ የሸሸሽው በሐረጎ ነው። ዛሬም በየቀኑ ጠዋትና ማታ የምትመላለሺው በሐረጎ ነው። ያን ቀን መንገዱ ምን ይመስል እንደነበር አንቺ ታውቂዋለሽ። ሰው፣ እቃ፣ ከብት፣ የታመመ ሽማግሌ፣ የሚያለቅስ ሕፃን። አንቺም ጀርባሽ ላይ ልጅ ይዘሽ፣ ከኋላሽ አባትሽን ትተሽ። ዛሬ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጠሽ ስለ ሒሳብና ስለ እራት ታስቢ ይሆናል። ሰውነትሽ ግን ያን ቀን አልረሳውም። የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ ትበረግጊያለሽ? ጭጋግ ሲወርድና መንገዱ ሲጨልም ደረትሽ ይጠባል? ቁልቁለቱ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ሲያወራ አንቺ ዝም ትያለሽ? ሌሊት ስለዚያ መንገድ ትቃዢያለሽ? መልስሽ አዎ ከሆነ፣ ማታ በርሽን ስትከፍቺ የቀኑን ሥራ ብቻ ይዘሽ አይደለም የምትገቢው። ሻዩ የተደፋው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

ይህን ያልኩሽ ጥፋቱን ከአንቺ ላይ ላነሳ አይደለም። ከየት እንደሚነሳ ካወቅሽ የት ላይ ልትይዢው እንደምትችይም ስለምታውቂ ነው።

ሰው ሲደነግጥም ሲናደድም ሰውነቱ አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሚሠራው። አድሬናሊን የሚባለው ቅመም በደም ውስጥ ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሮጣል። እንድንሸሽ ወይም እንድንታገል የተሰጠን ነገር ነው። ያን ሰዓት ረጋ ብሎ የሚያመዛዝነው የአእምሯችን ክፍል ወደ ኋላ ይቀራል። አደጋ አይቶ ያመለጠ ሰው ደግሞ ሰውነቱ ለረጅም ጊዜ በትንሽ ነገር ይነሣል። ለዚህ ነው «ከነገ ጀምሮ አልቆጣም» የሚለው ቃል ኪዳን የማይሠራው። ጠዋት ላይ የማለው አእምሮሽ ማታ በሰዓቱ ቦታው ላይ የለም። ወተት ከገነፈለ በኋላ እሳት መቀነስ ምድጃውን ከመታጠብ አያድንም። አንቺ ግን ታድለሽ ምልክቱን ታውቂዋለሽ። ጆሮሽ ይግላል። ከዚያ ነው መያዝ ያለብሽ።

ጆሮሽ ሲግል ምን ታደርጊ? አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አስቀድመሽ አዘጋጂ። ለምሳሌ፣ «ኡሚ ፊቷን ታጥባ ትመጣለች»። ልጅሽ ይህን በደህናው ጊዜ ትለማመደው፣ ስትሰማው እንዳትደነግጥ። ከዚያ ተነሽና ፊትሽን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢ፤ ዝም ብለሽ አትርጪው፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ ለጥቂት ሰከንድ ውሃው ፊትሽ ላይ ይቆይ። የልብ ምትን ዝቅ ያደርጋል። የደሴ ውሃ ደግሞ ቅዝቃዜው አይታማም። የልብ ሕመም ካለብሽ ግን ይህን ተይውና ወደ ትንፋሹ ሂጂ። እስከ አራት ቆጥረሽ አስገቢ፣ እስከ ስድስት ወይም ሰባት ቆጥረሽ አስወጪ። የሚያረጋጋው ሲወጣ የሚረዝመው ትንፋሽ ነው። ደግመሽ ደጋግመሽ አድርጊው።

ከዚያ የተሰማሽን ነገር በስሙ ጥሪው፣ ለራስሽ በሹክሹክታም ቢሆን። «ፈርቻለሁ።» «አፍሬአለሁ፣ ነገ ወረቀቱን ምን ብዬ ነው የማስረክበው።» «አባቴ ናፍቆኛል።» ሞኝነት ይመስላል፣ ግን ስሜትን በስሙ መጥራት ጉልበቱን እንደሚቀንሰው በጥናት የታየ ነገር ነው። አንቺ ደግሞ «ንዴት ብቻ አይደለም» ብለሽ ራስሽ ጀምረሽዋል። ታዲያ ምን ምን ነው? ያን ማታ ከሻዩ ሥር ምን ነበር?

በደንብ ከተነሣ በኋላ ሰውነት ለመብረድ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በዚያ መሃል ኢሞ አትክፈቺ፣ ለልጅሽም ምክር አትስጪ፣ ስለ ሐይቅም አትወስኚ።

ሌላ የምለምንሽ ነገር አለ። ከሚኒባሱ ወርደሽ ቀጥታ ቤት አትግቢ። ሩብ ሰዓት ለራስሽ አድርጊ። በእግርሽ ትንሽ ሂጂ፣ ወይም መግሪብን ረጋ ብለሽ ስገጂና ከዚያ ልጅሽን ከእትዬ ጋ ውሰጃት። አንድ ነገርም ቅመሺ። ምሳ በልተሽ እስከ ማታ ቡና ብቻ ስትጠጪ ነው የምትውይው? የእኛ አገር ሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ መጠጣቱን ለማስተው አልሞክርም። ነገር ግን ልቡ አስቀድሞ ለሚመታበት ሰው ቡና የበለጠ ያስመታዋል። እንቅልፍ ያጣ ሰውም ስሜቱ በቀላሉ ይነሣል። ማታ ላይ የምትጠጪውን ቀንሰሽ እዪው።

አሁን ልጅሽ ማታ ማታ ስለምትጠይቅሽ ጥያቄ። ይህን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። ልጅሽ የምትጠይቅሽ ስለምትፈራሽ ብቻ አይመስለኝም። ልትጠነቀቅልሽም ነው፤ የእናቷን ፊት አይታ ማታውን ልታውቅ ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ ይህ ከባድ ሥራ ነው። ከትከሻዋ ላይ አውርጂላት። ስትጠይቅሽ «አልተቆጣሁም!» ብለሽ በተቆጣ ድምፅ አትመልሺ፤ ልጅ ወዲያው ያውቃል። ዝቅ በይላትና እውነቱን ንገሪያት። «ዛሬ ደክሞኛል። የደከመኝ ግን ባንቺ አይደለም። ፊቴን ልታጠብና አብረን እንበላለን።»

የሻዩን ማታ ደግሞ አንስተሽ አናግሪያት። ልጅ ረስታለች ብለሽ አትተይው። «ያን ጊዜ ክንድሽን አሳምሜሻለሁ። ሻይ መድፋት ጥፋት አይደለም፣ ሰው ሁሉ ይደፋል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይቅር በይኝ።» እዚህ ላይ አቁሚ። «አንቺም ግን ተጠንቀቂ» አትጨምሪበት። ወላጅ ልጁን ይቅርታ ጠይቆ ክብሩን አያጣም። እንዲያውም ልጅሽ አንድ ነገር ትማራለች፣ ሰው ሲያጠፋ እንዴት እንደሚመለስ።

ሐይቅ ስለመላክ ያለኝን ላካፍልሽ። እናትሽ ይህን ያሉት ከፍቅር ነው፣ ልጅቷንም አንቺንም አስበው ነው። ግን አንድ ነገር አስቢ። ልጅሽ ሻይ ደፋች፣ እናቷ ጮኸች፣ ከዚያ ሌላ ከተማ ተላከች። በአምስት ዓመት ጭንቅላቷ ይህን እንዴት ነው የምታገናኘው? «ስለደፋሁ ሰጡኝ» ብላ ልታስብ ትችላለች። አንቺስ? እሷ ከሄደች በኋላ ማታ ባዶ ቤት ስትገቢ ያርፍልሻል ወይስ እፍረቱ ይብስብሻል?

ስለዚህ መላክንና ማስመዝገብን ለይተሽ እያቸው። ክረምቱ አለ። ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለሱባት ቦታ ናት። የምትመለስበት ቀን ታውቆ፣ አንቺም በየሳምንቱ እየሄድሽ፣ አያቷ ጋ ትንሽ ጊዜ ብታሳልፍ ለሁለታችሁም እረፍት ይሆናል። ከተቻለ ደግሞ እናትሽ ራሳቸው ደሴ መጥተው ለጥቂት ሳምንት ቢቀመጡ እኔ ይህን እመርጥ ነበር። ማታ ላይ ሌላ ትልቅ ሰው ቤት ውስጥ ሲኖር አንቺ ፊትሽን ልትታጠቢ መነሣት ትችያለሽ። ትምህርት ቤት ማስመዝገቡን ግን አሁን አትወስኚ። ያ ውሳኔ ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ስትረጋጊ ይታያል።

ከልጅነትሽ ሆደ ባሻ መሆንሽን እንደ ነውር ነው የጻፍሽው። አንዳንድ ሰው ሲፈጠርም ስሜቱ ቅርብ ነው። ቶሎ ይነካዋል፣ ጠልቆ ይሰማዋል፣ ለመብረድም ጊዜ ይወስድበታል። ማርሻ ሊንሃን የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ዕድሜዋን የሰጠችው እንዲህ ላሉ ሰዎች ነው። እሷ እንደምትለው ነገሩ የሚከፋው፣ ስሜቱ ለበረታበት ሰው ዙሪያው ያለው ሁሉ «ምን ሆንሽና ነው?»፣ «አታካብጂ» ሲለው ነው። ያኔ ወይ አፍኖ ይይዘዋል፣ ወይ እንዲሰማለት ይጮሃል። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ሊንሃን ራሷ በ17 ዓመቷ በከባድ የስሜት ቀውስ ሆስፒታል ገብታ እንደነበር በአደባባይ ተናገረች። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ያዘጋጀችው ሕክምና ዛሬ በብዙ አገር ይሰጣል። የሚያስተምረውም ስሜትሽን እንደ እውነት ተቀብለሽ፣ በስሜቱ የምታደርጊውን ግን እንድትለውጪ ነው።

ባለቤትሽን አልወቅሰውም፣ ሩቅ ያለ ሰው የሚያደርገው ሲጠፋው እንዲህ ይናገራል። ግን በበረደልሽ ቀን አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው። «ስነግርህ መፍትሔ አትፈልግልኝ፣ ዝም ብለህ አድምጠኝ፣ ከዚያ «ከባድ ነው» በለኝ።» ይህን በድምፅ መልእክት ላኪለት። ተጨቃጭቃችሁ ሳይሆን አስበሽበት እንደተናገርሽ ይገባዋል።

አባትሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ በጣም አጭሩ ይህ ነው፣ እኔን ግን ከሁሉም በላይ የያዘኝ ይህ ነው። ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት ቅሬ አለ፣ ቡና አለ፣ ዱአ አለ፣ ጎረቤት እስላም ክርስቲያን ሳይል ይቀመጣል። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። አንቺ ግን ያን ሁሉ አላገኘሽም። ስትደርሺ አልቆ ነበር፣ ከተማውም ሁሉ ሐዘንተኛ ነበር። «አብሽሪ» ያሉሽ ሰዎች መልካም አስበው ነው፣ ግን አንቺ ገና አልጀመርሽም ነበር። ጥያቄ ልጠይቅሽ። አባትሽን ያጠቡት፣ የገነዙት፣ የቀበሩት እነማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ? ተቀምጠው ነግረውሽ ያውቃሉ? አባትሽ በመጨረሻው ቀን ምን አሉ? ስለ አንቺ ጠየቁ? ማን አጠገባቸው ነበር?

አንድ ቅዳሜ ወይም እሑድ ቡና አፍልተሽ ያን ሰዎች ጥሪያቸው። ትልቅ ድግስ አያስፈልግም፣ ቆሎና ቡና ይበቃል። ዱአ ያድርጉላቸው፣ እትዬም ይምጡ፣ እናትሽም ካሉ ይቀመጡ። ከዚያ «የአባቴን ቀብር ንገሩኝ» በያቸው። መስማቱ ይከብዳል። ለቅሶ ከመጣ ይምጣ፣ በአራት ዓመት ዘገየ የሚልሽ የለም። ያን ቀን ልጅሽ ለጥቂት ሰዓት ሌላ ቤት ብትውል ጥሩ ነው፤ ወይም «ኡሚ ስለ አባቷ እያለቀሰች ነው» ብለሽ ንገሪያት። ልጅ ለቅሶ ማየቷ አይጎዳትም፣ ምክንያቱን አለማወቋ ነው የሚያስፈራት።

ሩቃውን ወይም ዱአውን አልከለክልሽም። እምነትሽ የሚያጽናናሽ ከሆነ ያዢው። የእትዬንም ጠበል ከፍቅር እንደመጣ ቁጠሪው። ማንም ግን እንዲያስርሽ፣ እንዲመታሽ ወይም ሐኪም ያዘዘልሽን መድኃኒት እንዲያስጥልሽ አትፍቀጂ። ከዚሁ ጎን ለጎን ሐኪም ጋ ሂጂ። ሁለቱ አይጣሉም። በመጀመሪያ ሰውነትሽ ይታይ። የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ልብ ያስመታል፣ ሰውን ቁጡ ያደርጋል፣ እንቅልፍም ይነሳል። የደም ማነስም ያደክማል። ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ። ከዚያ ደሴ ሪፈራል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ እዚያ ጠይቂ። የጦርነት ድንጋጤ ያስቀረውን ነገር የሚያክም ሕክምና አለ፣ መነጋገርም ነው፣ አስፈላጊ ሲሆን መድኃኒትም ነው። ያ ክፍል በር ላይ ሰው ያየኛል ብለሽ ከሰጋሽ፣ ከ2014 በኋላ ይህን የተሸከመው የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ብዙ ነው። የምታውቂው ሰው ተራ ይዞ ብታገኚው አይግረምሽ።

ስትሄጂ ለእኔ የጻፍሽውን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ነገር ይጠፋል፣ ጊዜውም አጭር ነው። ሦስት ነገር ጨምሪበት፤ ስንት ሰዓት እንደምትተኚ፣ ሐረጎን ስታልፊ ምን እንደሚሰማሽ፣ ልጅሽን ስለያዝሽበት ማታ። የመጨረሻውን አትደብቂው። ሐኪሙ ሊፈርድብሽ ሳይሆን ምን ያህል እንደከበደሽ ሊያውቅ ነው የሚያስፈልገው።

ለእናትሽ ደግሞ ዛሬ ማታ ደውይላቸው። «ልጅቷን ከማመጣት አንቺ ነይልኝ» በያቸው፤ ካልቻሉም ክረምቱን እንዴት እንደምትከፋፈሉት ተነጋገሩ። እትዬንም ጠይቂያቸው፣ ማታ ማታ ያቺን ሩብ ሰዓት ልጅሽን እንዲያቆዩልሽ። ከሐኪም ስትመለሺ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።